ድንጋይ ያስተማረው ውሻ

የጋዜጠኝነት ትምህርት የጀመረ ሰው መጀመሪያ ከሚሰማቸው ነገሮች አንዷ ይህቺ ናት፦ ውሻ ሰውን ቢነክስ ዜና አይደለም፤ ሰው ውሻን ቢነክስ ግን ዜና ነው። ተስቆባት ትታለፋለች። ይህችን አባባል ይዤ ወደ ሐይቅና ወደ አምባሰል ስሄድ ግን አልሠራ ትለኛለች። እዚያ ውሻ ሰው መንከሱ አንዳንዴ ከዜናም አልፎ መርዶ ይሆናል። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው ስለ ውሻ ነው፤ "ርዕስ ጠፍቶ ነው?" እንዳትሉኝ።

በሌላው ዓለም አጂሊቲ የሚባል ስፖርት አለ። እኛ የውሾች የመሰናክል ውድድር ልንለው እንችላለን። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ውስጥ፣ ክራፍትስ በተባለው የታወቀ የውሾች ትርዒት ላይ ሲሆን ሐሳቡ የተቀዳው ከፈረስ ዝላይ ነው። ተመልካቹን በትርዒቱ መሐል ለማዝናናት የቀረበው ነገር ተወደደና ራሱን የቻለ ስፖርት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮም የዓለም ሻምፒዮና አለው። ውሻው አጥር ይዘላል፣ በቱቦ ውስጥ ይሾልካል፣ በተተከሉ ዘንጎች መሐል እየተጥመለመለ ያልፋል፣ እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ በሚል ጣውላ ላይ ይራመዳል። ሰዓትም ስህተትም ይቆጠርበታል።

እኔን የገረመኝ ዝላዩ ሳይሆን ሕጉ ነው። ውሻው ሲሮጥ ገመድ የለውም። ሰውየው ሊነካው አይፈቀድለትም፤ ሜዳው ውስጥ ምግብ ይዞ ማባበልም ክልክል ነው። ያለው ድምፁ፣ እጁና የሰውነቱ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። እዚህ ደረጃ ደግሞ በዱላ አይደረስም። በልምምዱ ጊዜ ውሻው ትክክል ሲሠራ ወዲያው ቁራሽ ይሰጠዋል፤ ሲሳሳት ቁራሹ ይቀርበትና እንደገና ይሞክራል። በቃ፣ ምስጢሩ ይኸው ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? በበላበት ይማራልም።

"ታዲያ ይሄ ከኛ ውሻ ጋር ምን አገናኘው?" የሚል አይጠፋም። የኛም ውሻ እኮ የሰለጠነ ነው! ከሐይቅ ተነስቶ የአምባሰልን ዳገት በእግሩ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ከአንዱ ግቢ ውሻ እየጮኸ ሲመጣ መንገደኛው ጎንበስ ይላል። ድንጋይ ማንሳት እንኳ አያስፈልገውም፤ ጎንበስ ማለቱ ብቻ ይበቃል፣ ውሻው ይመለሳል። ይህ የሰውን እንቅስቃሴ አንብቦ መታዘዝ ነው፤ ለንደን ያለው ውሻ ከሚያነበው አያንስም። ልዩነቱ አስተማሪው ላይ ነው። የኛን ውሻ ያስተማረው ድንጋይ ነው። ድንጋይ ደግሞ የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሰው እጅ ሲዘረጋ ሽሽ፤ መሸሻ ካጣህ ንከስ።

ይህ ትምህርት ዋጋ ያስከፍለናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎችን ይገድላል፤ በሽታው ሰው ላይ ከሚደርስባቸው አጋጣሚዎች 99 በመቶዎቹም በውሻ በኩል ናቸው። አብዷል ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ውስጥ 40 በመቶዎቹ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ቢሄድ ይድናል። ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን መዳን የለም ማለት ይቻላል። ጉዳቱ በሰው ብቻ አያበቃም። በባሌ ተራሮች ከውሾች የተላለፈው ይኸው በሽታ ቀይ ቀበሮዎችን በተደጋጋሚ ፈጅቷል፤ ቀይ ቀበሮ ደግሞ በኛው በደቡብ ወሎ፣ በቦረና ሳይንትም ይገኛል።

መከላከያው የታወቀ ነው፤ ከውሾቹ ቢያንስ 70 በመቶውን መከተብ። ክትባት ግን ውሻውን የሚይዝ ሰው ይፈልጋል። ቀን ታስሮ የሚውል፣ ማታ ተለቆ ከጅብ ጋር ሲፋጠጥ የሚያድር፣ ከሰው እጅ ከትራፊና ከዱላ በቀር የማያውቅ ውሻ መርፌ ሲመጣበት ማን ይይዘዋል? ባለቤቱም ይፈራዋል። መርፌው አለ፣ ሐኪሙ አለ፣ ውሻው ግን ገደል ገብቷል። ከዚያ በኋላ በብዙ ከተሞቻችን የተለመደው መርዝ ማስቀመጥ ነው። መርዝ ደግሞ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በጅምላ መግደል በሽታውን እንደማያስቆመው ይናገራል።

"ሰው ሳይጠግብ ለውሻ ትምህርት?" የሚለው ክርክር ይገባኛል። ነገር ግን እኔ የምለው ሌላ ወጪ የለውም። ለውሻው መቼም ቢሆን የምንጥልለትን የቂጣ ቁራሽ፣ ዝም ብለን ከመወርወር ይልቅ ስሙን ጠርተን ሲመጣ መስጠት፤ ገመድ ሲያስገቡለት ዝም ሲል መስጠት። ከቡችላነቱ ቢጀመር ደግሞ ይቀላል።

የሃይማኖት ጥያቄም ይነሳል። የውሻ ምራቅ የነካውን ነገር አጥቦ መስገድን፣ ውሻን ከቤተ ክርስቲያን ማራቅን አከብራለሁ። ማስተማር ግን ማቀፍ አይደለም፤ የውድድሩ ሕግ ራሱ አትንካው ይል የለ? ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳህ የሰለጠኑ አዳኝ እንስሳት የያዙትን መብላት ይፈቅዳል። በመጽሐፈ ጦቢትም ጦብያ መንገድ ሲወጣ ውሻው አብሮት ይሄዳል። "አገራችን ውስጥ ማን ያሠለጥናል?" ለሚልም፣ የፌዴራል ፖሊስ አነፍናፊ ውሾች አሉ፤ ከኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት በኋላም የሰለጠኑ ውሾች ፈንጂ በማጽዳት ሥራ ላይ ተሰማርተው ነበር።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን መስከረም 18 ላይ ይውላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የመስቀል ማግስት ማለት ነው። የተሁለደሬና የአምባሰል ወረዳዎች የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ከትምህርት ቤቶች ጋር ሆነው በሐይቅና በውጫሌ ሜዳ ላይ የውሾች ውድድር ቢያዘጋጁስ? መሰናክሉ ከባሕር ዛፍ አጣና፣ ከአሮጌ ጎማና ከጆንያ ይሠራል። ዋናው ነጥብ የሚሰጠው ግን ለፍጥነት አይሁን፤ ሲጠሩት ለመጣ፣ ለገመድ ላልተደናገጠ፣ ሲይዙት ለቆመ ውሻ ይሁን። የመጨረሻው መሰናክል መርፌው ይሁን፤ ሐኪሙ መድረሻው ላይ ቆሞ ይጠብቅ።

እኛ የዚህ ትምህርት ክፍል ልጆች ደግሞ ማስታወሻችንን ይዘን ብንገኝ አይከፋም። ያን ቀን ስንት ውሾች እንደተከተቡ ቆጥረን እንጻፍ፤ በዓመቱ ተመልሰን ስንት ልጆች እንደተነከሱ እንጠይቅ። ቁጥሩ ከቀነሰ፣ ማንም ያልተነከሰበት ቀን እንደ ዜና ይቆጠርልን።

ቸር ያሰማን!