የእኛዋ አድባር

ግንቦት 1 ቀን በጳውሎስ ሰፈር የውስጥ ለውስጥ መንገዶች የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ጎረቤት ያዋጣል፤ ንፍሮው በደጅ ይቀቀላል፤ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ ቡናው ይፈላል፤ ታላላቆች ይመርቃሉ፣ ሌላው «አሜን» ይላል። ዕለቱ የማርያም ልደት ነው፤ በብዙ ሰፈር ግን አድባርም አብራ ትለመናለች። አድባር በግዕዝ የደብር ብዙ ቁጥር ነው፤ ተራሮች ማለት ነው። በሕዝቡ አፍ ግን የቦታ ጠባቂ መንፈስ ስም ሆኗል። ዛፍ ሥር ቅቤ የሚቀባላት፣ ከቡናው የሚፈስላት እርሷ ናት።

ይህ የእኛ አይደለም። «ባህል ነው» እያሉ አድባር በተጠራችበት ምርቃት «አሜን» ለሚሉ ወንድሞችና እህቶች ብዙ ቃል አላባክንም፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 10ን ያንብቡ። ክርክሬ በር ዘግተን ከተቀመጥነው ጋር ነው።

አምና በዚሁ ቀን አንዲት እናት ንፍሮ በሰሃን ይዘው ከማስተምራቸው ወጣቶች ወደ አንዱ ቤት መጡ። በሩን ገርበብ አድርጎ «እኛ የጣዖት አንበላም» ብሎ መለሳቸው። እማማ ሕፃን ሳለ አዝለውታል። አልተቆጡም፤ «ይሁን ልጄ፣ እግዚአብሔር ያሳድግህ» ብለው ሄዱ።

ባለመብላቱ አልወቅሰውም። ያው ምዕራፍ፣ ለጣዖት የተሠዋ መሆኑ ከተነገረን እንድንተወው ያዛል። ነገር ግን ከዚያ ከፍ ብሎ ያለውን ዘለልነው፦ የማያምን ሰው ቢጠራንና ብንወድ እንድንሄድ ጳውሎስ ፈቅዷል። በስሙ በተጠራ ሰፈር እየኖርን ግማሹን ብቻ ሰማነው። ንፍሮውን ትቶ «ይግቡ እማማ፣ ሻይ ላፍላ» እንዳይል ማን ከለከለው?

በሳምንቱ ልጠይቀው ሄድኩ። የበሩ መቃን ያብረቀርቃል። ከአንድ የጸሎት ፕሮግራም የገዛውን ዘይት ቀብቶታል። «ክፉ እንዳይገባ ነው» አለኝ። ከዘይቱ ዋጋ ሌላ «ዘር» ብሎ ገንዘብ ማስቀመጡንም በኩራት ነገረኝ።

ወንድሜ፣ ዛፍ ላይ ቅቤ፣ መቃን ላይ ዘይት፤ ምን ለየው? እዚያም ክፉ እንዳይደርስ ይሰጣል፣ እዚህም ክፉ እንዳይደርስ ይከፈላል። እንዲያውም የእማማ ንፍሮ ለጎረቤት ይደርሳል፤ ያንተ ገንዘብ የት እንደደረሰ አታውቅም። የስሙ መለወጥ ብቻ አያድነንም። የሲሞንም ገንዘብ የቀረበው ለመንፈስ ቅዱስ ስጦታ ነበር፤ ጴጥሮስ ምን እንዳለው በሐዋርያት ሥራ 8 ተጽፏል።

ያዕቆብ 5 ዘይት አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ። እዚያ ግን የታመመ ሰው አለ፣ የሚጸልዩ ሽማግሌዎች አሉ፤ ሻጭ የለም፤ መቃንም የለም።

ጌዴዎን ምድያማውያንን ከመግጠሙ በፊት እንዲያፈርስ የታዘዘው የገዛ አባቱን የበኣል መሠዊያ ነበር (መሳፍንት 6)። ሰው ፈርቶ በሌሊት አፈረሰው። እኛም ማፈራችን ካልቀረ በሌሊት እንጠበው፤ ብቻ ይታጠብ። የጎረቤታችን ዛፍ ሥር ቆመን ስለ ጌታ መናገር የምንችለው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜም እንጨቱን ፈልጠንላቸው፣ ውኃውን ቀድተንላቸው፣ ለምን እንደማንበላ ሲጠይቁን ቁጭ ብለን እናስረዳቸው።

ለልጁ ይህንኑ ነግሬው ነበር። ዘንድሮም መቃኑ እንደተቀባ ነው። እማማም ዘንድሮ ሰሃን ይዘው አልመጡም።