ከኦፔራ ወደ ሙዚቃዊ ትያትር፤ መውረድ ነው ወይስ መሻገር?

«ወረደች!» ይሏታል። ለኦፔራ የሠለጠነች ሶፕራኖ፣ ማለት ከሴቶች ድምፅ ከፍተኛውን የያዘች ዘፋኝ፣ የኦፔራውን መድረክ ትታ ወደ ሙዚቃዊ ትያትር በገባች ጊዜ፣ ዐዋቂዎች ነን የሚሉ ሰዎች የሚፈርዱባት ፍርድ በዚህ አንድ ቃል ያልቃል። ኦፔራ ሰገነት፣ ሙዚቃዊ ትያትር ደግሞ ምድር ቤት ሆኖ ስለሚታያቸው፣ ከዚያ ወደዚህ የመጣ ሁሉ የተዋረደ ይመስላቸዋል። ይህ አስተሳሰብ ከፈረንጅ አገር ተነሥቶ ወደ እኛም ዘልቋል። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከመምህራንና ከተማሪዎች ጋር ስለ ድምፅ ትምህርት ስንጫወት የሰማነው ይኸንኑ ነው፤ መልካም ድምፅ የተሰጣት ልጅ ትያትር ቤት እገባለሁ ስትል «እንዲህ ያለ ድምፅ ይዘሽ?» ትባላለች። እኛ ግን ይህን ፍርድ አንቀበለውም፤ የማንቀበልበትንም ምክንያት ለአንባብያን ለማስረዳት ብዕራችንን አንሥተናል።

አስቀድሞ የሁለቱን ሥራ ልዩነት እንመልከት። የኦፔራ ዘፋኝ ያለ ድምፅ ማጉያ በትንፋሽዋ ብቻ ሙሉ ኦርኬስትራ አልፋ መሰማት አለባት። ስለዚህ ጉሮሮዋንና አፍዋን የምታበጅበት ልዩ ትምህርት አለ፤ የኦፔራ ድምፅ በሰከንድ ወደ 3,000 ንዝረት በሚጠጋው ቦታ ላይ ኃይል ሲያገኝ፣ የኦርኬስትራው ድምፅ በዚያ ቦታ ደካማ ስለ ሆነ፣ ዘፈኑ በላይ በላዩ ያልፋል። ይህ ታላቅ ጥበብ ነው፤ ማንም አይንቀውም። ሙዚቃዊ ትያትር ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል። ድምፅ ማጉያ አለው፤ ነገር ግን ዘፋኝዋ መናገር፣ መጫወት፣ ብዙ ጊዜም መጨፈር አለባት፤ ከንግግር ወደ ዘፈን ስትሻገር ስፌቱ እንዳይታይ ማድረግ አለባት። በኒው ዮርክ በብሮድዌይ ትያትር ቤቶች አንዱ ጨዋታ በሳምንት 8 ጊዜ ይታያል፤ የኦፔራ ዋና ዘፋኝ ግን በሁለት ትርኢት መካከል ድምፅዋን የምታሳርፍበት ቀን ይሰጣታል። እንግዲህ የትኛው ቀላል ነው? መልሱን ለፈራጆቹ እንተወዋለን።

ተቃዋሚዎቻችን የሚወዱት ምሳሌ የወይዘሮ ሔለን ትራውቤል ታሪክ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ስለ ውጭ አገር የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) እኒህ አሜሪካዊት ሶፕራኖ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ የዋግነርን ከባድ ሥራዎች በመዝፈን የታወቁ ነበሩ። በምሽት ክበቦች ስለ ዘፈኑ ከሥራ አስኪያጁ ከሩዶልፍ ቢንግ ጋር ተጋጭተው በ1953 ዓ.ም. ኦፔራውን ተሰናበቱ። በ1955 ዓ.ም. «ፓይፕ ድሪም» በተባለው የሮጀርስና የሐመርስታይን ሙዚቃዊ ትያትር ገቡ፤ ትያትሩም 246 ጊዜ ታይቶ፣ ገንዘብ አክስሮ ተዘጋ። «ይኸው፣ ወርዳ ወደቀች!» ይሉናል። እኛ ግን እንጠይቃለን፦ አንድ ድርሰት ስላልተሳካ መድረኩ ሁሉ የተረገመ ነውን? ስንት ኦፔራ ተጽፎ ተረስቷል! ወይዘሮዋ «ወረዱ» የሚባሉት የዘፈኑበት ቤት ስላልተከበረ ነው። ይህ ደግሞ የጥበብ ፍርድ ሳይሆን የወንበር ቅደም ተከተል ነው።

ሌላውን ምሳሌ ግን አያነሡትም። በ1970 ዓ.ም. የተወለዱት ወይዘሮ ኦድራ ማክዶናልድ በጁሊያርድ ትምህርት ቤት የኦፔራውን የድምፅ ትምህርት ተምረው በ1993 ዓ.ም. ተመረቁ። በተከታዩ ዓመት «ካሩሰል» በተባለው ሙዚቃዊ ትያትር የቶኒን ሽልማት አገኙ። ከዚያ በኋላ በ1996፣ በ1998፣ በ2004፣ በ2012 እና በ2014 ዓ.ም. ተሸልመው ቁጥሩን 6 አደረሱ። ከእነዚህ አንዱን ያገኙበት ጨዋታ ስለ ታላቋ የኦፔራ ዘፋኝ ስለ ማሪያ ካላስ የተጻፈ ነው፤ ወይዘሮዋም በእርሱ ውስጥ የካላስ ተማሪ የሆነችውን ሶፕራኖ ሆነው ተጫውተዋል። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በሂውስተን ኦፔራ መድረክ ዘፍነዋል። እንግዲህ ወርደው ነበር ከተባለ በየትኛው መሰላል ተመልሰው ወጡ? ነገሩ መሰላል ሳይሆን ወንዝ ነው፤ ድልድዩን የሚያውቅ ወዲያና ወዲህ ይሻገራል።

ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ ይባላልና ከደጃችን አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። አትሌት ቀነኒሳ በቀለ፣ በሱሉልታ የመሮጫ ሜዳ ያሠራው ጀግናችን፣ በ2005 ዓ.ም. 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን የያዘ ሰው ነው። በ2014 ዓ.ም. ወደ ማራቶን ገባ፤ በ2019 ዓ.ም. በበርሊን 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ፈጸመ። ከስታዲየም ወጥቶ በአስፋልት ላይ ስለ ሮጠ «ወረደ» ያለው ማን ነው? ማንም የለም! ሳንባው ያው ሳንባ፣ እግሩም ያው እግር ነው፤ የተለወጠው የርምጃው ስልትና የመንገዱ ርዝመት ነው። ለሯጭ የምንፈቅደውን ክብር ለዘፋኝ የምንነፍገው ስለ ምንድር ነው?

ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያታችን ግን የቃል ነገር ነው። የሶፕራኖ ድምፅ እጅግ ከፍ ሲል አናባቢዎች ልዩነታቸው እየጠፋ ሁሉም ወደ «ኣ» ይጠጋሉ፤ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው እንጂ የዘፋኝዋ ጥፋት አይደለም። ጣሊያንኛ ለማይሰማ አድማጭ ይህ ብዙም ጉዳት የለውም፤ ዜማው ይበቃዋል። አማርኛ ግን ሰባት አናባቢ ያለው፣ በመጥበቅና በመላላት ትርጉም የሚለውጥ ቋንቋ ነው። «ገና» ላልቶ ሲነገር ያልደረሰውን ነገር ያመለክታል፤ ጠብቆ ሲነገር የልደት በዓል ይሆናል። በእነዚህ ከተሞች የሚነገረው ኦሮምኛም እንዲሁ በመጥበቅና በመላላት፣ በአናባቢም ማጠርና መርዘም ቃልን ከቃል ይለያል። ሰምና ወርቅ እየፈተለ ያደገ ሕዝብ ቃሉ ያልተሰማውን ዘፈን እንደ ምን አድርጎ ይፈታዋል? ስለዚህ ቃልን ከዜማ ጋር አስማምቶ ለአድማጭ ማድረስ ለእኛ ዝቅተኛው ሥራ ሳይሆን ዋናው ፈተና ነው። ሙዚቃዊ ትያትር ዘፋኝዋን የሚጠይቃትም ይህንኑ ነው።

ደግሞስ ይህ መሻገር ለአገራችን እንግዳ ነውን? ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በጎጃም በደብረ ኤልያስ ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉ የቅኔ ሰው ነበሩ። ያንን ጥበብ ይዘው ወደ ትያትር ድርሰት ተሻገሩ፤ ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን ላወጡለት የቀድሞው ብሔራዊ መዝሙርም ግጥሙን ጻፉ። ዛሬ «ከቅኔ ማሕሌት ወደ መድረክ ወረዱ» ብሎ የሚነቅፋቸው አለን? በእኛ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ትያትርም ሙዚቃንና ትያትርን በአንድ ጣራ ሥር ያኖረ ቤት ነው፤ ሙሴ ነርሲስ ናልባንዲያን በዚያ ቤት የሙዚቃ ጓዱን ሲያሠለጥኑ ለጨዋታም ለዘፈንም የሚሆን ሰው እያበጁ ነበር።

ማይክሮፎን ሰነፍ ዘፋኝን ይሸሽጋል የሚሉን ወገኖች እውነት አላቸው። ይሸሽጋል፤ የሠለጠነችው ግን እንዲያ ያለ መሸሸጊያ አያሻትም። በኦፔራ የተማረችው የትንፋሽ አያያዝ ሌሊቱን ሙሉ ሳትደክም እንድትጫወት ያደርጋታል። እንግዲህ ትምህርቱ ይቅር አላልንም፤ ትምህርቱ በአንድ ቤት ታስሮ አይቅር ነው ያልነው።

አሁን ወደ ሦስቱ ከተሞች እንመለስ። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ዋና ከተማውን ከበው ይኖራሉ፤ በ2015 ዓ.ም. ከጎረቤቶቻቸው ጋር በሸገር ከተማ ተጠቃለዋል። ሀገር ፍቅርም፣ ብሔራዊ ትያትርም፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም በአዲስ አበባ ውስጥ ናቸው። የሰበታ ልጅ ትያትር ለማየት ብትሻ፣ መግቢያዋን ሳታስብ ገና ማታ የምትመለስበትን ታክሲ ታስባለች። ኦፔራ ሰፊ አዳራሽና ብዙ የሙዚቃ ጓድ ይፈልጋል፤ ይህን ለመሥራት ዘመን ይፈጃል። ሙዚቃዊ ትያትር ግን በትምህርት ቤት አዳራሽ፣ በአንድ ክራር፣ በአንድ መሲንቆና በአንድ ከበሮ ሊጀመር ይችላል። የጎደለው የሠለጠነ ድምፅ ነው። የሠለጠነው ድምፅ ደግሞ «ወረደች» መባልን ፈርቶ ከከተማው አይወጣም! የአንድ ቃል ፍርድ የስንት ልጅ ዕድል እንደሚዘጋ አንባቢ ይመዝን።

ስለዚህ ባለሥልጣኖችን እንለምናለን፦ በእነዚህ ከተሞች አዳራሽ ሲሠራ ለስብሰባ ብቻ አይሠራ፤ መድረክም ይኑረው። መምህራንን እንለምናለን፦ መልካም ድምፅ ያላትን ልጅ የት እንደምትዘፍን ከመጠየቃችሁ በፊት እንዴት እንደምትተነፍስ አስተምሯት። በሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ለሚገኙ ልጆች ጆሮ የዓለም በር መሆኑን የሚያውቅ መምህር ይህን ያስተውለዋል። ተማሪዎች ሆይ፣ እናንተም «ወረደች» የሚላችሁን «ማን ሰማት?» ብላችሁ መልሱለት። ድምፅ የሚከበረው ከፍ ካለ ቦታ በመውጣቱ ሳይሆን ሰው ዘንድ በመድረሱ ነውና።