ለመስተዋት ገንዳችን የትኛው መብራት ይግባ?

በሳይንስ ክፍላችን ጥግ የተቀመጠችውን የመስተዋት ገንዳ የማያውቅ ሠልጣኝ ያለ አይመስለንም። ርዝመቷ 50፣ ወርዷ 30፣ ቁመቷ 30 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ የሳይንስ ክበባችን አባሎች መስተዋቱን አስቆርጠን በሲሊኮን አጣብቀን የሠራናት ናት። በውስጧ አሸዋና ጠጠር፣ ጥቂት ትናንሽ ዓሦች፣ እንዲሁም ከጣና ዳርቻ የመጣ የውሃ ውስጥ ተክል አለ። ዓላማዋም ክፍሉን ለማስጌጥ ሳይሆን ተክልና እንስሳ እንዴት ተደጋግፈው እንደሚኖሩ በዓይን ለማሳየት ነው።

ሰሞኑን ግን በዚህች ገንዳ ምክንያት በክበባችን ውስጥ የሐሳብ ልዩነት ተፈጥሯል። ተክሉ ብርሃን አንሶታል፤ መብራት ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ሁላችንም ተስማምተናል። ጥያቄው የትኛው መብራት ነው? አንዳንድ ጓደኞቻችን ለአኳሪየም ተብሎ የተሠራውን ልዩ መብራት ከአዲስ አበባ እናስመጣ፣ ለዚህም ሌላ መዋጮ ይውጣ ይላሉ። እኛ ደግሞ በበኩላችን ይህ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው እንላለን። ለምን እንደዚያ እንደምንል በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ለመዘርዘር እንወዳለን።

በመጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ገንዳዋ እንደተሠራች ብርሃን በበዛ ቁጥር ተክል ይፋፋል ብለን ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በቀጥታ በሚገባበት መስኮት ሥር አስቀመጥናት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መስተዋቱ በአረንጓዴ አልጌ ተሸፈነ፤ ውሃውም ጎመን የተቀቀለበት መሰለ። ሁለት ዓሦችም ሞቱብን። ደንግጠን ወደ ጨለማው ጥግ ወሰድናትና ከላይዋ ባለ 60 ዋት ቢጫ አምፖል አንጠለጠልን። አሁን ደግሞ ውሃው ሞቀ፣ ተክሉም መመንመን ጀመረ። እንዲህ ዓይነቱ አምፖል ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ወደ ብርሃን የሚለውጠው ከመቶ አምስት ያህሉን ብቻ ሲሆን፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። እኛ ተክሉን ያበራንለት መስሎን ውሃውን ስንጥድ ነበር ማለት ነው። ከዚህ የተማርነው ነገር ቢኖር መብራት ከመግዛት በፊት ማስላት እንደሚገባ ነው።

እስቲ እናስላው። ገንዳችን ውሃዋ እስከ 27 ሳንቲ ሜትር ሲሞላ 40 ሊትር ገደማ ትይዛለች። ብዙ ብርሃን ለማይፈልጉ የውሃ ተክሎች እንደ መነሻ የሚወሰደው ልማዳዊ መለኪያ ለአንድ ሊትር ከ10 እስከ 20 ሉመን ነው። ሉመን ማለት አምፖሉ የሚሰጠው የብርሃን መጠን ሲሆን፣ ዋት ደግሞ የሚበላው የኤሌክትሪክ መጠን ነው። ብዙዎቻችን ሁለቱን እናምታታቸዋለን። 40 በ20 ሲባዛ 800 ሉመን ይሆናል። ይህንን ያህል ብርሃን ከየሱቁ የሚገኘው ተራ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ይሰጠናል። በቀን 8 ሰዓት ቢበራ በወር የሚፈጀው ከ2 ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነው። ያ ቢጫ አምፖላችን ግን በዚያው ጊዜ ከ14 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል። ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ፈልገን ነው አዲስ አበባ የምንልከው?

«ተራ አምፖል ለሰው እንጂ ለተክል አልተሠራም፤ ልዩው መብራት ቀይና ሰማያዊ ብርሃን አለው» የሚሉ አሉ። ነገሩ መሠረት የሌለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1882 ኤንገልማን የተባለው ጀርመናዊ ሳይንቲስት በቀጭን የአልጌ ክር ላይ የቀስተ ደመናን ቀለማት አሳርፎ፣ ኦክስጅን የሚወዱ ባክቴሪያዎች ወዴት እንደሚሰበሰቡ ተመለከተ። የተሰበሰቡትም በቀዩና በሰማያዊው በኩል ነበር። ተክሉ ይበልጥ የሚሠራው በነዚህ ቀለማት ነው ማለት ነው። ሆኖም ነጭ ብርሃን ሁለቱንም በውስጡ ይዟል። ስለሆነም ስንገዛ በካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ማየት ብቻ ይበቃናል። 6500 ኬልቪን የሚለው የቀን ብርሃን የሚመስለው ነጭ ሲሆን፣ 2700 የሚለው ደግሞ ቢጫው ነው። ነጩን መውሰድ ነው።

ሌላው መታሰብ ያለበት ርቀት ነው። ከአምፖል የሚመጣ ብርሃን ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ወደ ሩብ ይወርዳል። በ20 ሳንቲ ሜትር ላይ የሚበቃን አምፖል ከኮርኒስ ላይ ቢሰቀል ዋጋ የለውም። በመሆኑም አምፖሉ ከውሃው በላይ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይንጠልጠል። ከበላዩ ደግሞ ውስጡ ነጭ ቀለም የተቀባ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ተቆርጦ እንደ ክዳን ቢደፋበት ወደ ጣራ የሚባክነው ብርሃን ወደ ውሃው ይመለሳል። ይህን ለመሥራት መቀስና ግማሽ ቀን ይበቃል።

ከሁሉ በፊት ግን ያለ ክፍያ የሚመጣውን ብርሃን አንርሳ። ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና አካባቢያቸው ከምድር ወገብ ብዙ ስለማይርቁ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል። በእኛ አገር በሰሜን በኩል ያለ መስኮት በበጋ ቀጥተኛ ፀሐይ አይገባበትም፤ ለስላሳ ብርሃን ግን አያጣም። ከሚያዝያ 10 ገደማ እስከ ነሐሴ 20 ገደማ ፀሐይ በቀትር ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል፣ በዚያን ጊዜ ስስ ነጭ ጨርቅ ቢጋረድ ይበቃል። ገንዳዋ ከዚህ መስኮት በአንድ ክንድ ርቀት ብትቀመጥ አምፖሉ ሙሉውን ሥራ የሚሸከም ሳይሆን የሚያግዝ ይሆናል። መብራት በጠፋ ቀንም ተክሉ ጨርሶ ጨለማ አይውጠውም።

በዚህ ላይ የታሪክ ምስክርም አለን። ኢንገንሐውዝ የተባለው የሆላንድ ተወላጅ ሐኪም፣ ውሃ ውስጥ የገባ አረንጓዴ ቅጠል በፀሐይ ብርሃን አረፋ እንደሚያወጣና በጨለማ እንደሚያቆም ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1779 ነው። ኤዲሰን አምፖሉን ያበራው ልክ ከመቶ ዓመት በኋላ በ1879 ነው። ዋሪንግተን የተባለው የለንደን ኬሚስት ዓሣን፣ የውሃ ተክልንና ቀንድ አውጣን በአንድ ገንዳ አስማምቶ ማኖሩን የገለጸውም በ1850 ነው። እነዚህ ሰዎች ሁሉ የሠሩት በቀን ብርሃን ነው። እኛ በመስኮቱ ላይ 9 ዋት ስንጨምር ከነሱ የተሻለ ዕድል አለን።

ብርሃን መከልከል ምን እንደሚያደርግ ለማወቅም ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ የታየው እምቦጭ ሐይቁን ከጎዳባቸው መንገዶች አንዱ ውሃውን እንደ ምንጣፍ ሸፍኖ ከሥሩ ላሉት ብርሃን መንሳቱ ነው። ስለዚህ አበባው አማረን ብሎ እምቦጭን ወደ ገንዳ ማስገባት ቀርቶ በእጅ ይዞ መምጣትም ነውር ነው። ለእኛ የሚስማማው ሥር የሌለው፣ ቅጠሉ ቀጫጭን የሆነውና በሳይንስ ስሙ ሴራቶፊለም የሚባለው ተክል ነው። በጣና ይበቅላል፤ በመጠነኛ ብርሃንም ይኖራል። ሲመጣ በደንብ ይታጠብ፤ ከወንዝ የሚመጣ ቀንድ አውጣ ግን የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ሊሆን ስለሚችል አይግባ።

የተቃራኒ ወገኖቻችንንም ሐሳብ በሚገባ መመዘን አለብን። ልዩው መብራት ብርሃኑን በገንዳው ሙሉ እኩል ያዳርሳል፤ ብዙውን ጊዜም እርጥበት እንዳይገባው ሆኖ የተሠራ ነው። ቀይ ቅጠል ያላቸውንና ብዙ ብርሃን የሚወዱትን ተክሎች ለሚያሳድግ ሰው ይጠቅማል። እንግዳ ሲመጣም ያምራል። ይህን አንክድም። ነገር ግን እኛ የያዝነው ተክል ይህን አይጠይቅም። የእርጥበቱ ጉዳይ ግን እውነተኛ ነውና በቸልታ አይታለፍ። አምፖሉ የሚገባበት ፖርታላምፓ ከክዳኑ ጋር በደንብ ይታሰር፤ ሽቦው ወደ ሶኬቱ ከመውጣቱ በፊት ከሶኬቱ በታች ረገብ ብሎ ይንጠልጠል፤ ጠብታ ቢወርድ እዚያው ይቀራልና። እጅ ወደ ውሃው ከመግባቱ በፊት ስፒናው ይነቀል። የተላጠ ሽቦ ያለበት ዕቃ ደግሞ በነፃ ቢሰጠንም አንቀበል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። እኛ ነገ የምንመደበው የት ነው? አብዛኞቻችን ከአስፋልቱ ወጣ ባሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች ነው። በልምምድ ትምህርት ጊዜ ከማንኩሳ ወዲያ ባለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ያየነውን እንንገራችሁ። ክፍሉ የቆርቆሮ ጣራ ያለው፣ መብራት ያልገባለት ነው። ስለ ፎቶሲንተሲስ ልናስተምር ይዘን የሄድነው ሥዕል ብቻ ነበር። በማግሥቱ ግን የላይኛው አፉ የተቆረጠ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ሞላንና ይህንኑ ተክል ጨምረን ፀሐይ የገባበት መስኮት ላይ አስቀመጥነው። ጥቂት ቆይቶ ከተቆረጠው ግንድ ትንንሽ አረፋ ተራ በተራ መውጣት ጀመረ። ልጆቹ ተጋፍተው መጡ። አንዷ፣ «ጋሼ፣ ሣሩ ይተነፍሳል እንዴ?» አለችን። በእጃችን ብርሃኑን ስንጋርድ አረፋው እየቀነሰ ሄደ፤ ስንለቀው ቀጠለ። ልጆቹ ራሳቸው እየተፈራረቁ ጋረዱ፣ ቆጠሩ። ያን ቀን ያስተማረው መስኮቱ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ማሠልጠኛው ውስጥ በልዩ መብራት ብቻ የሚሠራ ገንዳ ብናይ፣ ገጠር ስንደርስ «መሣሪያ የለንም» ብለን ወደ ጠመኔያችን እንመለሳለን። በመስኮትና በተራ አምፖል የሚሠራ ገንዳ ብናይ ግን እጃችን አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል። የምንማርበት መሣሪያ የምናስተምርበትን አገር የሚመስል መሆን አለበት። በሌላ በኩል ደግሞ ማታ ማታ በኩራዝ የሚያጠኑ ልጆች ባሉበት፣ በፀሐይ የሚሠራ መብራት የተገኘ እንደሆነ ቅድሚያው ለደብተሩ ነው፤ ተክሉ ቀኑን መስኮቱ ዘንድ ያገኛል።

ስለዚህ ክበባችን የሚከተለውን እንዲወስን እናሳስባለን፦

1ኛ. ገንዳዋ በሰሜኑ መስኮት በኩል ትቀመጥ።

2ኛ. ባለ 9 ዋት፣ ነጭ ኤልኢዲ አምፖልና ፖርታላምፓ ከገበያ ይገዛ፤ ክዳኑን እኛው እንሥራ።

3ኛ. መብራቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ብቻ ይብራ፤ አልጌ ከበዛ በ6 ሰዓት ይወሰን። የሚያበራና የሚያጠፋ ተረኛ ይመደብ።

4ኛ. አዲስ መዋጮ አይውጣ። ካለን ገንዘብ የሚተርፈው የእጅ ማጉያ መነጽር ይገዛበት፤ እሱ ከሁላችንም ጋር ገጠር ሊወርድ ይችላል።

ይህ የእኛ አስተያየት ነው። መምህሮቻችን ስሌታችን ላይ ስሕተት ካገኙ ያርሙን፤ የልዩው መብራት ደጋፊዎችም ሐሳባቸውን በሚቀጥለው ዕትም በዚሁ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ እናነባለን። ከዚያ በፊት ግን ነገ ከቁርስ በኋላ ወደ ሳይንስ ክፍሉ ጎራ በሉና አንዲት የተክል ቅርንጫፍ በጠርሙስ አድርጋችሁ መስኮቱ ላይ አስቀምጡ። አረፋውን ቁጠሩ፤ ከዚያ እንከራከራለን።

ከሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ሠልጣኞች