የበጋ ሣርና የፓርክ ወሰን

ከደወሌ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ባቡር አዋሽንና መተሐራን ያልፋል። በእነዚህ ሁለት ከተሞች አካባቢ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ፓርክ ማለት ለዱር አራዊት ተከልሎ የሚጠበቅ መሬት ነው። የአዋሹ ፓርክ ስፋት 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሳላ፣ የሜዳ ፍየልና ከርከሮ ይኖሩበታል።

መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። የከረዩ፣ የኢቱና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብታቸውን ያሰማሩበት ነበር። ፓርኩ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ተቋቋመ። በ1969 ወሰኑ በሕግ ጸና። በዚያው ዘመን በወንዙ ዳር የሸንኮራ አገዳ እርሻ ተስፋፋ። ከረዩዎችን በአንድ በኩል አገዳው፣ በሌላ በኩል ፓርኩ ያዛቸው። ከዚያ ወዲህ በሣርና በውሃ ምክንያት ብዙ ግጭት ተነሥቷል።

ለምን? ይህን እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ዝናብ ሲጥል ከብቱ በየሜዳው ይበተናል። የወንዝ ዳር ሣር ሳይነካ ለበጋ፣ እናንተ ጂላል ለምትሉት ጊዜ ይቆያል። ለበጋ የተቀመጠ ሣር ደግሞ ለማያውቅ ሰው ባለቤት የሌለው መሬት ይመስለዋል። ቀያሽ በክረምት ቢመጣ ጎጆ አያይም፣ አጥር አያይም። «ባዶ ነው» ብሎ ይጽፋል። የተጻፈ ነገር ደግሞ ቶሎ አይፋቅም!

የአራዊቱም ነገር ቀልድ አይደለም። ሳላም እንደ ግመል ሣር ተከትሎ ይሄዳል። መንገዱ ከተዘጋበት ያልቃል። ስለዚህ አራዊት ከአንድ ክልል ወደ ሌላው የሚያልፉበት መተላለፊያ ይከለል ይባላል። እኛ ይህን አንቃወምም። የምንጠይቀው፣ የሳላው መንገድ በካርታ ላይ ሲሰፍር የግመሉስ መንገድ ይሰፍራል ወይ? ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ፣ አርብቶ አደር የግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ሥራ ምክንያት ለተፈናቀለ ሰው በገንዘብ ወይም በሌላ አማራጭ ተመጣጣኝ ካሣ ይገባዋል ይላል።

በዚህ ሳምንት 40ንና 44ን በደብተር ላይ እንጽፋለን። ከሥራቸው «ግጦሽ»፣ «ውሃ»፣ «በጋ»፣ «ካሣ» የሚሉትን ቃላት እንለማመዳለን። ወረቀት ይዞ «አሻራህን አኑር፣ አሻራሽን አኑሪ» የሚል ሰው ሲመጣ እነዚህን ቃላት በወረቀቱ ላይ ፈልጓቸው። ከሌሉ «የበጋው ሣር የት ላይ ተጻፈ?» በሉት።