ስለ ብላክፑል መብራትና ስለ ከፋዮቹ

በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በአይሪሽ ባሕር ዳር የሚገኘው የብላክፑል ከተማ፣ እንግሊዞች ለመዝናናት ከሚሄዱባቸው የባሕር ዳር ከተሞች መካከል እጅግ የታወቀ ነው። ይህን ዝና ያተረፈለት ግን ባሕሩ አይደለም። ውሃው ቀዝቃዛ፣ ነፋሱ ብርቱ፣ ዝናሙም ሳይጠሩት የሚመጣ ነው። እንግዳ የሚያመጣለት ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ያቆመው ነገር ስለ ሆነ፣ ከሽርሽር ወሬነቱ ይልቅ የንግድ ጉዳይነቱ ይበልጣል።

የከተማው የቀድሞ ደንበኞች የላንክሻየር የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። የምድር ባቡር በ1846 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከገባ ወዲህ፣ የፋብሪካ ከተሞቹ በየተራ አንድ ሳምንት ያህል ሥራ እየዘጉ ሕዝባቸውን ወደ ባሕሩ ይልኩ ጀመር። የአንዱ ከተማ ሰው ሲመለስ የሌላው ይተካል። ለባለ ሱቅ ከዚህ የበለጠ ገበያ ከየት ይገኛል?

ጎብኚው የሚያየው ብዙ ነው። ወደ ባሕሩ ውስጥ የሚዘልቁ በብረት ምሰሶ ላይ የተሠሩ ሦስት መናፈሻ ድልድዮች አሉ፤ የመጀመሪያው በ1863፣ ሁለተኛው በ1868፣ ሦስተኛው በ1893 ተከፈቱ። በ1885 የተጀመረው የኤሌክትሪክ ትራም ዛሬም በባሕሩ ዳር ይመላለሳል። ከሁሉ በላይ የሚታየው ግን የፓሪሱን የኤፍል ማማ አይቶ የተሠራውና በ1894 የተከፈተው 158 ሜትር የሚረዝም የብረት ማማ ነው። ከሥሩ ያማረ የዳንስ አዳራሽና ወለሉ ዝቅ ብሎ በውሃ የሚሞላ የሰርከስ ሜዳ አለው። ባለቤቶቹ ዋጋውን የቆረጡበት ዘዴ ነጋዴን ያስደንቃል፤ ለመግቢያ ስድስት ፔንስ፣ ወደ ጫፉ ለመውጣት ሌላ ስድስት ፔንስ፣ ሰርከሱን ለማየትም ሌላ ስድስት ፔንስ ያስከፍሉ ነበር። ድኻው ሠራተኛ በኪሱ ልክ ይገዛል፤ የቀረውንም ለመጪው ዓመት ይመኛል።

ማማው በር አለው፤ በር ያለው ነገር ደግሞ ወጪውን ከገቢው ይተካል። በር የሌለውን ትርኢት ማን ይከፍልበታል? ብላክፑል ለዚህ ጥያቄ የሰጠው መልስ ነው ሊጠና የሚገባው።

በ1879 ከተማው ሁለት ነገር አደረገ። ስምንት የኤሌክትሪክ መብራቶችን በባሕሩ ዳር መንገድ ላይ አብርቶ ሕዝብን አስገረመ። በዚያው ዓመት ደግሞ ከተማውን ለማስታወቅና የሙዚቃ ጓድ ለማቆም የሚውል ግብር፣ ከእያንዳንዱ ፓውንድ የንብረት ግምት ላይ ሁለት ፔኒ ያህል፣ እንዲሰበስብ ከፓርላማው ፈቃድ አገኘ። ሌሎች ከተሞች እንዲህ ያለ ሥልጣን አልነበራቸውም። በ1912 አንዲት ልዕልት አዲስ መንገድ ልትመርቅ በመጣች ጊዜ ወደ 10,000 የሚጠጉ አምፑሎች በሩ። ከዚያም የከተማው የነጋዴዎች ማኅበርና የትራም ሠራተኞች፣ መብራቱ የበጋው ገበያ በሚያልቅበት ወራት እንዲደገም ምክር ቤቱን አሳሰቡ፤ ተደገመም። ፍሬ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሌሎቹ የባሕር ዳር ከተሞች ሱቃቸውን በሚዘጉበት ሰዓት፣ ብላክፑል ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገበያ ጨመረ፤ ከ2020 ወዲህ ደግሞ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አራዘመው። የጦርነቱ ዓመታትና ከጦርነቱ በኋላ የተከተሉት ዓመታት አቋርጠውታል።

«ሱቄ ከመብራቱ ሩቅ ነው፤ ለምን እከፍላለሁ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን መብራቱን ሊያይ የመጣ ሰው ማደሪያ ይከራያል፣ እራት ይበላል፣ ጫማው ቢቀደድ ጫማ ይገዛል። ከትርፉ እየተካፈለ ከወጪው የሚሸሽ ሰው የጎረቤቱን ኪስ እንደ ገባ ይቆጠራል። በፈቃድ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ እያንዳንዱ ሌላው እስኪከፍል ሲጠብቅ መንገዱ ጨለማ ሆኖ በቀረ ነበር። በግብር መሆኑ ለዚህ ነው ትክክል።

ሌላው ተቃውሞ ብርቱ ነው። በ2019 በተደረገው የመንግሥት ግምገማ ብላክፑል ከእንግሊዝ ወረዳዎች ሁሉ በድኽነት የመጀመሪያውን ቦታ ይዟል። «ታዲያ መብራቱ ምን ጠቀመ?» ይባላል። ይሁን እንጂ የጥጥ ፋብሪካዎቹ ተዘግተዋል፤ ሠራተኛውም ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአውሮፕላን ወደ እስፓኝ ፀሐይ ሄዷል። ይህን ዕዳ በመብራቱ ላይ መጫን ፍርድ ማጉደል ነው። የሚያሳስበው ሌላ ነው፤ በ2010 የከተማው ምክር ቤት ማማውን ራሱን ገዝቶታል። በር ያለው ንብረት እንኳ ወደ ሕዝብ ትከሻ ከዞረ፣ በር ለሌለው የሚተርፈው ገንዘብ ማነሱ አይቀርም።

ዛሬ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀውን መብራት በመኪናው እየተጓዘ ያየ ሁሉ የፈቀደውን እንዲሰጥ ይጠየቃል። የሚሰጥም አለ፤ መስኮቱን ዘግቶ የሚያልፍም አለ። የወጪው ዋና ክፍል ግን እንደ ቀድሞው ከከተማው ካዝና ይወጣል።