ከእህል በረንዳ ጀርባ ያለውን ሙያ ተማሪዎች ይወቁት

በአዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ መርካቶ የሚገኘው እህል በረንዳ ማለዳ በጭነት መኪና ይጨናነቃል። ከጎጃም ጤፍ፣ ከአርሲ ስንዴ ይራገፋል። ነጋዴው ጆንያውን ወግቶ እፍኝ እህል ያወጣል፤ በመዳፉ ያገላብጠዋል፤ ስንዴ ከሆነም አንዲት ፍሬ በጥርሱ ይሰብራል። ድርቀቱን፣ ንጣቱን፣ ነቀዝ የነካው መሆን አለመሆኑን እዚያው ይፈርዳል። የአርሶ አደሩ የዓመት ልፋት ዋጋ የሚቆረጠው በዚህች ቅጽበት ነው።

ጥርስ ግን የማይደርስበት ነገር አለ። በቂ ድርቀት ሳያገኝ ጎተራ የገባ በቆሎና ኦቾሎኒ ሻጋታ ያበቅላል፤ አንዳንዱ ሻጋታ ደግሞ አፍላቶክሲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። መርዙ በዓይን አይታይም፤ የሚለየው በላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ምርመራውን የሚሠራ፣ የእህሉን እርጥበት የሚለካ፣ ነቀዝን አየር በማያስገባ ከረጢት አፍኖ መግደል እንደሚቻል ለገበሬው የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል።

በመርካቶ የሚያድግ ልጅ የኩንታል ዋጋ ከወላጆቹ እኩል ያውቃል። ምን መሆን ትፈልጋለህ ቢሉት ግን ሐኪም፣ ኢንጂነር ወይም ፓይለት ይላል። የአርሶ አደሩም ልጅ መልሱ ከዚህ ብዙ አይለይም። ሁለቱም የእህል መርማሪ፣ የአፈር ተመራማሪ ወይም የዘር አዳቃይ በሥራው ላይ ሆኖ አይተው አያውቁም፤ ያላዩትን ሙያ እንዴት ይመኙት?

እህል በረንዳ ከሚደርሰው ጤፍ መካከል አርሶ አደሩ በስሙ የሚጠራው ቁንጮ አለ። ደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣው ይህ ዝርያ በ1998 ዓ.ም. የተለቀቀ ሲሆን፣ የተገኘው ሁለት የጤፍ ዝርያዎችን በማዳቀል ነው። ማዳቀሉ ራሱ ለረጅም ጊዜ የማይቻል ይመስል ነበር። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ነው፤ ራሱንም በራሱ ያዳቅላል። ተመራማሪው ታረቀ በርሄ በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ አበባዋ ማለዳ ላይ ለአጭር ጊዜ እንደምትከፈት ደረሱበት፤ ያቺን ሰዓት ጠብቆ በማጉያ መነጽር እየታገዙ ማዳቀል እንደሚቻልም አሳዩ። ዛሬ በማሳ ላይ ያለው ቁንጮ የዚያ ትዕግሥት ውጤት ነው። ይህን ታሪክ ስንት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሰምቶታል?

ከክልላችንም ምሳሌ አይጠፋም። በፍኖተ ሰላም ያደጉት ዶክተር ሰገነት ቀለሙ በልጅነታቸው አንበጣ የአካባቢያቸውን ሰብል ሲያወድም አይተዋል። ዓለማያ ግብርና ኮሌጅ ገብተው የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ሆኑ፤ በ2006 ዓ.ም. ናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል በዋና ዳይሬክተርነት መምራት ጀመሩ። እርሳቸውን ወደ ሳይንስ የመራቸው በማሳ ላይ ያዩት ጥፋት ነበር።

ወላጅ «ከእርሻ ውጣ ብዬ ነው ያስተማርኩህ» ቢል አይፈረድበትም። በግብርና ተመርቆ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ የጎረቤት ልጅ እያየ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ኑሮም ለልጅ የሚያስመኝ አይደለም፤ ይህ ካልተስተካከለ ማስተዋወቁ ብቻውን ሩቅ አይወስድም። ሆኖም ሥራው ከልማት ጣቢያ ሰፊ መሆኑን ተማሪው ሊያውቅ ይገባል። ዘር ማባዛት፣ የምግብ ደኅንነት ምርመራና የውሃ ጥራት ቁጥጥር አሉ። እዚያው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ የተጣለ ብረትና ፕላስቲክ ተለይቶ ዳግም ሸቀጥ የሚሆንበት ሥራ ከኬሚስትሪና ከአካባቢ ጥበቃ ዕውቀት ጋር ቢገናኝ ብዙ ወጣት ያቅፋል።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብርናን በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ራሱን የቻለ ትምህርት አድርጎታል። መልካም ነው። ተማሪው በተፈጥሮና በማኅበራዊ ሳይንስ መካከል የሚመርጠው ግን 11ኛ ክፍል ሲገባ ነው። ስለዚህ ሙያውን ማየት ያለበት በ9ኛና በ10ኛ ክፍል ሳለ ነው። ማሳየት ሲባልም አዳራሽ ውስጥ ባነር ሰቅሎ ንግግር ማሰማት አይደለም፤ ለዚህ ዓይነቱ መድረክ ስብሰባ አንሶን አያውቅም። የባሕር ዳር ዙሪያና የይልማና ዴንሳ ተማሪዎች አዴት የግብርና ምርምር ማዕከልን ከቅርብ ያገኙታል። ሌላው ወረዳ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ፣ የኅብረት ሥራ መጋዘን፣ የእህል ገበያ አለው። የወረዳ ትምህርትና ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በአንድ ዕቅድ ቢሠሩ፣ ተማሪዎቹ የራሳቸውን ወላጆች እህል እርጥበት ለክተው ውጤቱን ለባለቤቱ ሊነግሩ ይችላሉ። አርሶ አደሩም ከገበያው ፍርድ በፊት የእህሉን ሁኔታ ያውቃል።

የመኪናና የነዳጅ ወጪው በሐምሌ በሚጀምረው በጀት ካልተያዘ ዕቅዱ ወረቀት ላይ ይቀራል። ጤፍ አብቦ ማየት የሚፈልግ ትምህርት ቤት ደግሞ በመስከረም ዝግጁ መሆን አለበት፤ ተማሪዎቹም ማሳው ዳር መድረስ ያለባቸው ማለዳ፣ አበባዋ ሳትዘጋ ነው።