የራስ ቅልና ፉከራ

የሀገራችን ጥንታዊነት በተነሣ ቁጥር «የሰው ዘር መገኛ እኛ ነን» ማለት ልማድ ሆኖአል። ቃሉ ያለ መሠረት የተነገረ አይደለም። በአፋር ምድር በዲኪካ የተገኘችው ሕፃን፣ ሰላም የተባለችው፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያህል አስቈጥራለች፤ በወራንሶ ሚሌ በ2016 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እንጠቅሳለን) የተገኘው የራስ ቅል ደግሞ 3.8 ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል። እንግዲህ እኛ የምንነቅፈው ግኝቱን ሳይሆን በግኝቱ የሚፎከረውን ፉከራ ነው።

ፉከራ ከዕውቀት በቀደመ ጊዜ ምን እንደሚያስከትል የእንግሊዞች ታሪክ ይመሰክራል። በ1912 ፒልትዳውን በተባለ መንደር አንጎሉ እንደ ሰው የሰፋ፣ መንጋጋው ግን የዝንጀሮ የሚመስል የራስ ቅል ተገኘ ተባለ። ቀዳሚው ሰው ከሀገራቸው እንዲወጣ፣ ከአካሉም ሁሉ አንጎሉ ቀድሞ እንዲያድግ ይመኙ የነበሩ ሊቃውንት ወሬውን በደስታ ተቀበሉት። በ1925 ግን ሬይመንድ ዳርት በደቡብ አፍሪካ ከታውንግ የተገኘውን የሕፃን የራስ ቅል አቅርቦ፣ ከአንገት ጋር የሚያገናኘው ቀዳዳ ወደ ታች የዞረ ስለ ሆነ ይህ ፍጡር አንጎሉ ሳይሰፋ በሁለት እግሩ ይሄድ ነበር ባለ ጊዜ፣ ብዙዎቹ የዝንጀሮ ግልገል ነው ብለው ናቁት። በ1953 የፒልትዳውኑ ቅል ሲመረመር፣ የሰው ቅልና የዝንጀሮ መንጋጋ ቀለም ተነክሮ፣ ጥርሱም በሞረድ ተፍቆ የተጋጠመ ማታለያ ሆኖ ተገኘ። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ያታለላቸው አንጥረኛው ብቻ አልነበረም፤ የገዛ ምኞታቸውም ጭምር ነበር።

እኛስ ከዚህ ምን እንማር? በ2003 የሄርቶ የራስ ቅሎች 160 ሺህ ዓመት ገደማ እንዳላቸው በታወቀ ጊዜ፣ የዛሬውን ሰው ከሚመስሉት ሁሉ ጥንታውያኑ ተብለው ነበር። በ2017 ግን ከሞሮኮ ከጀበል ኢርሁድ የተገኙት 300 ሺህ ዓመት ያህል እንዳላቸው ተገለጠ። ክብራችንን በዓመት ብልጫ ላይ ከመሠረትነው፣ በሌላ ሀገር ዶማ በተነሣ ቁጥር ሊናድ ነው።

ደግሞስ ያ የራስ ቅል የማን ወገን ነው? ነገድ የለውም፤ ድንበር አያውቅም፤ ዛሬ የምንጣላባቸው ስሞች ሁሉ ከመሰማታቸው በፊት የኖረ ነው። በእርሱ እየተኩራሩ ጎረቤትን ባዕድ ማለት ምስክሩን ጠርቶ ቃሉን አለመስማት ነው።

የሚያስከብረን ሥራው ነው። ሰላምን ከድንጋይዋ ለማላቀቅ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ዓመታት ፈጅቶባቸዋል፤ የወራንሶ ሚሌውን ጥናት የመሩትም ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። እንደ እነርሱ ያሉት መቶና ሁለት መቶ እንዲሆኑ፣ ወጣቱ በሙዚየም ደጃፍ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ከመመለስ አልፎ ዐጥንትን ማንበብ ይማር። አለዚያ መገኛው የእኛ፣ ዕውቀቱ የሌላ ይሆንና፣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለው ይፈጸምብናል።